ከሳሩ በላይ ተርብ፣ ከሳሩ በታች ትል

ጥያቄው የመጣው ከሜሪላንድ ነው። ጠያቂዋ የጻፉልኝን አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«ከቤታችን ጀርባ ያለው ሳር ኦገስት መጨረሻ ላይ ቦታ ቦታውን መድረቅ ጀመረ። ውሃ ባጠጣውም ለውጥ የለም። በእጄ ስስበው እንደ ምንጣፍ ተጠቅልሎ ይነሳል። ከሥሩ ነጭ፣ ቆልመም ያለ፣ ራሱ ቡናማ የሆነ ትል ሞልቶበታል። ባለፈው ዓመት ለጎመኑና ለቃሪያው ብለን አጥሩ ጥግ ብዙ ፍግ ደፍተን ነበር። እዚያም ትል አለ፤ ያኛው ግን ወፈር ይላል። ከሁሉም የገረመኝ ተርቡ ነው። ጠዋት ጠዋት ጥቋቁር ተርቦች ከሳሩ ትንሽ ከፍ ብለው ወዲያ ወዲህ ይላሉ። ጀርባቸው ላይ ሁለት ቢጫ ነጥብ አላቸው። ትንንሽ ልጆች ስላሉኝ ፈርቻለሁ። ባለቤቴ ትሉንም ተርቡንም አንድ ላይ የሚገድል መርዝ ገዝቶ ጋራዥ አስቀምጧል። ጎረቤታችን ግን ተርቦቹ ትሉን ነው የሚጨርሱት፣ ተዋቸው ትላለች። እውነት ነው? ከሆነስ ተጨማሪ ተርብ ገዝቶ መልቀቅ ይቻላል?»

ጎረቤትዎ ልክ ናቸው። መርዙ ለጊዜው ጋራዥ ይቆይ። ግን ነገሩ «ተርቡ ይጨርሰዋል» ተብሎ የሚያልቅ አይደለም። ከጻፉት እንደምረዳው ግቢዎ ውስጥ ያለው ትል አንድ ዓይነት አይመስለኝም። ያዩት ተርብም በዋናነት የሚፈልገው ሳርዎን እያደረቀ ያለውን ትል ላይሆን ይችላል። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ከትሉ እንጀምር።

ነጭ ትል ብለን በአንድ ስም እንጥራው እንጂ የብዙ ዓይነት ጥንዚዛዎች እጭ ነው። ጥንዚዛዋ እንቁላሏን አፈር ውስጥ ትጥላለች። እንቁላሉ ተፈልፍሎ እጭ ይሆናል። እጩ አፈር ውስጥ ይከርምና ወደ ሙሽሬ ይለወጣል። ከሙሽሬው ክንፍ ያለው ጥንዚዛ ይወጣል። ሳር ላይ ጉዳት የሚያደርሰው እጩ ነው፤ አንዳንዱ ዓይነት ቀለቡ የሳር ሥር ነውና። ሥሩ የተበላ ሳር ውሃ ቢያጠጡት በምን ይጠጣዋል? ስስበው ይነሳል ያሉትም ለዚህ ነው፤ የሚይዘው ሥር አልቆ ነው።

እናንተ አካባቢ እንዲህ ያለ ጉዳት ሲታይ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የጃፓን ጥንዚዛ ነው። ጁላይ ላይ ጽጌረዳና ወይን ላይ በመንጋ ሰፍሮ ከቅጠሉ ጅማቱን ብቻ አስቀርቶ የሚበላው እሱ ነው። አካሉ የሚያብለጨልጭ አረንጓዴ ነው። የክንፉ ሽፋን የመዳብ ቀለም አለው። ጎንና ጎኑ ላይ ነጫጭ የጸጉር ነጥቦች ተደርድረዋል። ከ300 በላይ የዕፅዋት ዓይነት ይበላል። አሜሪካ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘው በ1916 እ.ኤ.አ. ኒው ጀርሲ ውስጥ፣ ሪቨርተን አጠገብ በነበረ የችግኝ ጣቢያ ነው። ከ1912 በፊት ከጃፓን በመጣ የአይሪስ አበባ ሥር ውስጥ ተደብቆ እንደገባ ይገመታል። በዚያን ጊዜ ከውጭ የሚገባ ተክል ገና አይመረመርም ነበር።

ሴቷ ቅጠል በልታ ስትጠግብ ወደ ሳር ትወርዳለች። በዕድሜዋ ከ40 እስከ 60 እንቁላል ትጥላለች። እጮቹ ኦገስትና ሴፕቴምበር ላይ ሥር እየበሉ ያድጋሉ። ብርድ ሲመጣ ወደ ታች ይወርዳሉ። ኤፕሪል ላይ ተመልሰው ትንሽ ይበሉና ሜይና ጁን ላይ ሙሽሬ ይሆናሉ። ዑደቱ አንድ ዓመት ነው። ይህን የጊዜ ሰሌዳ ይያዙልኝ፤ ስለ ተርቦቹ የምነግርዎ ሁሉ እሱ ላይ ነው የተመሠረተው።

አሁን ወደ ፍጉ ጥግ እንሂድ። እዚያ ያዩት ወፍራሙ ትል የሌላ ጥንዚዛ ልጅ ሳይሆን አይቀርም። አሜሪካኖች «ግሪን ጁን ቢትል» ይሉታል፤ ትልቅ፣ አረንጓዴ፣ ሲበር ድምፁ የሚሰማ ጥንዚዛ ነው። እጩ ፍግ፣ ኮምፖስትና የበሰበሰ ሳር ይወዳል። ዋና ምግቡ የበሰበሰ ነገር ስለሆነ የሳር ሥር ብዙም አይነካም። ጉዳት ካደረሰ አፈሩን እየቆፈረና እያላላ ነው።

ለመለየት መሣሪያ አያስፈልግም። ከሁለቱም ቦታ አንድ አንድ ትል ያውጡና ሲሚንቶ ላይ ያስቀምጡ። የጁን ጥንዚዛው እጭ በጀርባው ይተኛና እግሮቹን ወደ ሰማይ ሰቅሎ በጀርባው ይሄዳል። እግር እያለው አይጠቀምበትም። የጃፓኑ ግን ተቆልምሞ በጎኑ ይተኛል፤ ቢንቀሳቀስም በጀርባው አይሄድም። ልጆቹንም ይጥሯቸው፣ ይወዱታል። የበለጠ እርግጠኛ መሆን ከፈለጉ በማጉያ መነጽር የትሉን መቀመጫ ይመልከቱ። የጃፓኑ ጥንዚዛ እጭ እዚያ ቦታ ላይ «ቪ» ቅርጽ የሠሩ ትንንሽ እሾሃማ ጸጉሮች አሉት።

ወደ ተርቡ ልምጣ። ጥቁር፣ ሁለት ቢጫ ነጥብ ያለው፣ ኦገስት ላይ ከሳሩ በላይ የሚያንዣብብ ካሉኝ ስሙ ስኮሊያ ዱቢያ ነው ብል ብዙም አልሳሳትም። ቁመቱ ሁለት ሳንቲሜትር ገደማ ነው። ክንፉ ጠቆር ያለ ሰማያዊ ነው። የሆዱ የኋላ ክፍል ዝገት የመሰለ ቡናማ ሆኖ ነጥቦቹ እዚያ ላይ ናቸው። ወዲያ ወዲህ የሚሉት ወንዱና ሴቷ ሲፈላለጉ ነው። ልብ ብለው ካዩዋቸው አበራረራቸው ስምንት ቁጥር ይሠራል። ሴቷ ደግሞ ከዚያ ሁሉ በረራ በኋላ አፈር ላይ ታርፍና ቆፍራ ትገባለች።

እሷ በዋናነት የምትፈልገው የጁን ጥንዚዛውን እጭ ነው። የጃፓኑንም ትወጋለች ይባላል፤ ዋና ቀለቧ ግን እሱ አይደለም። ስለዚህ ተርቦቹ ወደ ግቢዎ የመጡት የፍጉ ጥግ ስቧቸው ይመስለኛል። ከሳሩ በላይ የሚዞሩትን ተርቦችና ሳሩን የሚበላውን ትል አንድ ላይ ማየትዎ የአንዱ ሥራ ሌላውን እያጠፋ ነው ማለት አይደለም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው። ተርቡን አይቶ «እንግዲህ ተገላገልኩ» ይላል፤ በሚቀጥለው ዓመት ሳሩ ተመልሶ ሲደርቅ «ተርብ ምን ይጠቅማል» ይልና መርዝ ይገዛል።

የጃፓኑን ጥንዚዛ እጭ የሚከታተለው ሌላ ተርብ ነው። እርስዎ አላዩትም፤ ቢያዩትም ተርብ ነው አይሉትም። ቲፊያ ቨርናሊስ ይባላል። ጥቁር፣ የሚያብለጨልጭ፣ ከአንድ ሳንቲሜትር እምብዛም የማይበልጥ፣ ክንፍ ያወጣ ትልቅ ጉንዳን የሚመስል ነው። የሚታየውም በበጋ ሳይሆን በጸደይ ነው፤ በእናንተ አካባቢ ከኤፕሪል መጨረሻ እስከ ጁን መጀመሪያ ገደማ። ያ ጊዜ እጮቹ ከብርዱ ወራት ወጥተው፣ ሙሉ አድገው፣ ወደ ላይ የተመለሱበት ነው። ሰዓቱን ጠብቆ ነው የሚመጣው።

ከመሬት በታች የሚሆነውን ሁልጊዜ ስናገረው ደስ ይለኛል። ሴቷ ቲፊያ አፈሩ ላይ እየተራመደች ትፈልጋለች። የምትከተለው ሽታ ነው፤ የትሉን ገላና የኩሱን ሽታ። ሮጀርስና ፖተር የተባሉ ተመራማሪዎች በኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ ይህንን በ2002 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሥራ አሳይተዋል። ትሉ አፈር ውስጥ ሲሄድ ከኋላው የሚተወውን ዱካ ይዛ እሱ ጋ ትደርሳለች። ስታገኘው ትጠመጠምበትና ከእግሮቹ አካባቢ፣ ከደረቱ በታች ትወጋዋለች። ትሉ ይዝላል፤ አይሞትም። በዚያች አጭር ጊዜ ገላውን በመንጋጋዋ ታሸዋለች፣ እንቁላል የምታስቀምጥበትን ቦታ በሆዷ ጫፍ ትፍቃለች፣ አንዲት እንቁላል ትለጥፍና ትሄዳለች። ቦታውም እንዲሁ አይመረጥም። እያንዳንዱ የቲፊያ ዝርያ ከትሉ ገላ የራሱ የተወሰነ እጥፋት አለው፤ ከዚያ ውጭ አይለጥፍም። ባለሙያ እንቁላሉ የተቀመጠበትን ቦታ አይቶ የትኛው ተርብ እንደነበረች ይናገራል።

ትሉ ከአፍታ በኋላ ይነቃና መብላቱን ይቀጥላል። ጀርባው ወይም ሆዱ ላይ ምን እንደተለጠፈበት የሚያውቅ አይመስልም። እንቁላሉ ይፈለፈላል፤ ትንሿ የተርብ እጭ እዚያው በተለጠፈችበት ሆና ትመጠዋለች። እየወፈረች ስትሄድ ትሉ እየከሳ ይሄዳል። መጨረሻ ላይ ከራስ ቅሉና ከእግሮቹ በቀር ምንም አይቀርም። ከዚያ የተርቧ እጭ ቡናማ፣ ጸጉራም፣ ብዙ ድርብርብ ያለው የሐር ሽፋን ትሠራና ውስጡ ትቀመጣለች። ቲፊያ ቨርናሊስ እዚያ ሽፋን ውስጥ ሆና ወደ ሙሉ ተርብነት ትለወጣለች፤ ግን አትወጣም። እስከሚቀጥለው ጸደይ ትጠብቃለች። ጁን መጨረሻ ላይ አፈር ሲቆፍሩ እንዲህ ያለ ቡናማ ነገር ካገኙ አይጨፍልቁት። አጠገቡ የትል ራስ ቅል ካለ ማን እንደሆነ አወቁ ማለት ነው።

ስኮሊያዋ ግን ከዚህ ትለያለች። እሷ የወጋችው ትል ዳግመኛ አይነሳም። እንቁላል ሳትጥልበት ብትተወው እንኳ አብዛኛውን ጊዜ አይተርፍም። አንድ ስኮሊያ ከምትወልዳቸው ልጆች በላይ ትል ትጥላለች የምንለው ለዚህ ነው።

አንዲት ቲፊያ በቀን አንድ ወይም ሁለት ትል ብቻ ነው የምትደርስበት። ከ30 እስከ 40 ቀን በሚሆን ዕድሜዋ በጠቅላላው ከ25 እስከ 70 እንቁላል ትጥላለች። ትንሽ ነው ወይ? በእኔ ግምት አይደለም። ግቢ ውስጥ አሥር ሴት ተርብ ካለች በሜይ ወር ብቻ በመቶዎች የሚቆጠር እጭ ጥንዚዛ ሳይሆን ይቀራል።

ታሪኩን በአጭሩ ልንገርዎ፤ ምክንያቱም «ገዝቼ ልልቀቅ?» ለሚለው መልስ ይሆናል። የጃፓን ጥንዚዛ አሜሪካ ሲገባ ጠላቶቹን ሀገሩ ጥሎ ነው የመጣው። ጃፓን ውስጥ ይህን ያህል የሚያስቸግር ተባይ አይደለም። የአሜሪካ እርሻ ሚኒስቴር ከ1920 ጀምሮ ባለሙያዎች ወደ ጃፓን፣ ኮሪያና ቻይና ላከ። ከርቲስ ክላውሰንና ባልደረቦቹ እዚያ ሆነው በአፈር ውስጥም በቅጠል ላይም የጥንዚዛውን ጠላቶች ፈለጉ። እስከ 1933 ድረስ 49 ዓይነት ነፍሳት ተሰብስበው ተላኩ። ከእነዚያ ሁሉ ሥር የሰደዱት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ቲፊያ ቨርናሊስ አንዷ ናት፤ የመጣችው ከኮሪያና ከቻይና ነው። ዛሬ ሜሪላንድን ጨምሮ በብዙ የምሥራቅ ስቴቶች ራሷን ችላ ትኖራለች።

ከጃፓን የመጣች ሌላ እህት ነበረቻት፤ ቲፊያ ፖፒሊያቮራ። እሷ የምትወጣው በኦገስት ነው። መጀመሪያ ላይ ብዙ ተስፋ ተጣለባት፣ በኋላ ግን ተመናመነች። ምክንያቱ በጣም ይገርማል። ተርብ እንደ ንብ ነው፤ ካልዳበረ እንቁላል ወንድ፣ ከዳበረ እንቁላል ሴት ይወለዳል። እናቲቱ ትሉን ለክታ ትወስናለች። ትልቅ ትል ላይ ሴት የምትሆነውን እንቁላል ትለጥፋለች፤ ትንሽ ትል ላይ ወንድ የሚሆነውን። ሴት ብዙ ቀለብ ትፈልጋለችና። አሜሪካ ውስጥ ግን ይህች ተርብ ስትወጣ እጮቹ ገና አልደረሱም። ስለዚህ የተወለደው በብዛት ወንድ ሆነ። ወንድ ደግሞ ትል አይወጋም። ጥቂት ሳምንት መቅደም ይህን ያህል ዋጋ ያስከፍላል።

የተሳካላቸው ቦታዎችም አሉ። ሃዋይ ውስጥ አኖማላ ኦሪየንታሊስ የተባለ ጥንዚዛ የሸንኮራ አገዳውን ሥር ይበላ ነበር። ፍሬድሪክ ሙር የተባለ የነፍሳት ባለሙያ በ1916 አካባቢ ከፊሊፒንስ የስኮሊያ ቤተሰብ የሆነች ተርብ አመጣ፤ ጥንዚዛው ተገታ። ሞሪሺየስ ውስጥም በ1917 ከማዳጋስካር የመጣች ስኮሊያ ተመሳሳይ ሥራ ሠርታለች። እዚያ ደሴቶች ላይ ቀዝቃዛ ወቅት የለም። ለተርቧ የሚሆን እጭ ብዙውን ጊዜ አይጠፋም። ሜሪላንድ ውስጥ ግን ሁሉም ነገር በወር የተቆጠረ ነው። ተርቧ አንድ ዕድል ብቻ ነው ያላት።

እንግዲህ ወደ ጥያቄዎ ልመለስ። ቲፊያም ሆነ ስኮሊያ በገበያ አይገኙም። ለማርባት በሕይወት ያለ፣ ዕድሜው የደረሰ ትል አንድ በአንድ ማቅረብ ያስፈልጋል። በኢንተርኔት «የትል ተርብ» ብሎ የሚሸጥልዎ ካለ ሌላ ነገር ነው የሚሸጥልዎት። ብዙውን ጊዜ የቅጠል ትል እንቁላል ላይ የሚሠሩ ደቃቅ ተርቦች ናቸው፤ አፈር ውስጥ አይገቡም። ገንዘብዎን አያባክኑ። ተርቧ አካባቢዎ ካለች ራሷ ትመጣለች፤ የእርስዎ ድርሻ ቀለብ ማዘጋጀትና አለመግደል ነው።

ቀለብ ስል ልጆቿ ትል ይበሉ እንጂ እሷ ራሷ የምትኖረው በጣፋጭ ነው። ቲፊያ ቨርናሊስ በጸደይ ሜፕልና ሌሎች ዛፎች ላይ ክሽክሽ የሚባለው ደቃቅ ተባይ የሚያወጣውን ጣፋጭ ፈሳሽ ትልሳለች። ቱሊፕ ፖፕላር የሚባለውን ዛፍ አበባም ትወዳለች። ለግቢ የምመክረው ግን ፒዮኒ የሚባለውን አበባ ነው። እምቡጡ ገና ሳይፈነዳ ከውጭ በኩል ጣፋጭ ፈሳሽ ያወጣል፤ ጉንዳን የሚሰበሰብበትም ለዚህ ነው። ቀደም ብዬ የጠቀስኳቸው ሁለቱ ተመራማሪዎች ፒዮኒ አጠገብ ያሉ እጮች በተርብ የመያዝ ዕድላቸው ከፍ እንደሚል አሳይተዋል። ሁለት ሦስት ቁጥቋጦ በቂ ነው። አንዴ ከተተከለ ለዓመታት ይኖራል።

ለበጋዎቹ ተርቦች ደግሞ እንስላልዎን አበባ እስኪያወጣ ይተዉት። ድንብላሉንም እንደዚያው። ናናው ያብብ። ጎልደንሮድ የሚባለው ቢጫ አበባ አጥሩ ሥር ከበቀለ አይንቀሉት። ለወጥ የተከሉት እንስላል ለተርቧም ይሆናል፤ ሁለት ጥቅም ነው።

ቲፊያ ግቢዎ ውስጥ መኖር አለመኖሯን ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ። ሜይ ላይ ፀሐይ ያለበት፣ ነፋስ የሌለበት ቀን ይምረጡ። አንድ እጅ ስኳር በዘጠኝ እጅ ውሃ ያሟሙ። በመርጫ ጠርሙስ ፀሐይ ያረፈበት ዛፍ ወይም ቁጥቋጦ ቅጠል ላይ ይርጩ። ትንሽ ቆይተው ይመለሱ። ጉንዳን የሚመስሉ ጥቋቁር ተርቦች ቅጠሉን ሲልሱ ካገኙ ሠራተኞቹ አሉ ማለት ነው። ቀላል ነገር ነው፤ ግን ተመራማሪዎችም ይህንኑ ነው የሚጠቀሙት።

ልጆቹን በተመለከተ ይረጋጉ። እነዚህ ተርቦች እንደ ጣሪያ ሥር ተርብ ቤት ሠርተው፣ ተሰብስበው አይኖሩም። የሚጠብቁት ጎጆ ስለሌላቸው ሰው አያባርሩም። ከሳሩ በላይ የሚያንዣብቡት ብዙዎቹ ወንዶች ናቸው፤ ወንድ ተርብ መውጊያ የለውም። ሴቷም በእጅ ካልተያዘች ወይም በባዶ እግር ካልተረገጠች አትወጋም። ልጆቹ ኦገስት ላይ ጫማ አድርገው ይጫወቱ፤ ይበቃል።

ጋራዥ ያለውን ዕቃ ያንሱና መለያ ጽሑፉን ያንብቡ። ስሙ በ«ትሪን» የሚያልቅ ነገር ካዩ፣ ለምሳሌ ቢፈንትሪን፣ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ትሉንም ተርቡንም ይገድላል ተብሎ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። ይህ መርዝ ከላይ ካለው ድርቆሽና አፈር ጋር ይጣበቃል፤ ወደ ታች አይወርድም። ትሉ ያለው ከታች ነው። ተርቧ ግን ከላይ ትራመዳለች። ውጤቱ ግልጽ ነው፤ ተርቧ ትሞታለች፣ ትሉ ይተርፋል። እኔን የሚያሳስበኝ ትልቁ ጉዳይ ይኼ ነው። ሰው ገንዘቡን አውጥቶ፣ ልጆቹ የሚጫወቱበት ቦታ ላይ መርዝ ረጭቶ፣ የሚረዳውን ገድሎ የሚጎዳውን ያኖራል።

ሁለተኛው ዓይነት ኢሚዳክሎፕሪድና ዘመዶቹ ናቸው። እነዚህ ወደ ታች ይወርዳሉ፣ ትልም ይገድላሉ። ነገር ግን ኢሚዳክሎፕሪድ በጸደይ ሲደረግ ቲፊያ የምትይዛቸው ትሎች ቁጥር እንደሚቀንስ የኬንታኪዎቹ ጥናት አሳይቷል። ንብም ላይ ጉዳት አላቸው። ሜሪላንድ ከ2018 ጀምሮ እነዚህ መርዞች ለተራ ሸማች እንዳይሸጡ ከልክላለች። ፈቃድ ያለው ባለሙያ ግን ሊጠቀምባቸው ይችላል። ሳርዎን የሚንከባከብልዎ ድርጅት ካለ ምን እንደሚረጭ ይጠይቁ፤ ጸደይ ላይ እንዳይረጭም ይንገሩት።

አሁን ምን ያድርጉ? መጀመሪያ ይቁጠሩ። በደረቀውና በለመለመው ሳር መካከል ባለው ዳር ላይ 30 በ30 ሳንቲሜትር የሚሆን ቦታ በአካፋ በሦስት በኩል ይቁረጡና ይገልብጡት። ሥሩንና ከሥሩ ያለውን አፈር በእጅዎ እያፈረሱ ትሎቹን ይቁጠሩ። አራት አምስት ቦታ ይድገሙት። አምስት ስድስት ከሆነ ምንም አያድርጉ፤ ጤነኛ ሳር ይችለዋል። ከአሥር በላይ ከሆነ ጉዳቱ ያለበት ቦታ ላይ ብቻ እርምጃ ይውሰዱ። ራኩንና ስከንክ የሚባሉት የዱር እንስሳት ሌሊት እየመጡ ሳሩን መገልበጥ ከጀመሩም ቁጥሩ ከፍ ብሏል ማለት ነው።

እርምጃ ስል የምመርጠው በዓይን የማይታዩትን ጠቃሚ ትሎች ነው፤ ኔማቶድ ይሏቸዋል። ብዙ ዓይነት አላቸውና ሄቴሮራብዳይቲስ ባክቴሪዮፎራ የሚል የተጻፈበትን ይግዙ። ሕይወት ያለው ነገር ስለሆነ እስኪጠቀሙበት ፍሪጅ ይቀመጥ። ሳሩን አስቀድመው ያጠጡ፣ ምሽት ላይ ይርጩ፣ ወዲያው እንደገና ያጠጡ። ፀሐይና ድርቀት ይገድላቸዋል። የመርጫውን ማጥለያ ወንፊት ማውጣትም አይርሱ። ሴፕቴምበር መጀመሪያ ላይ አፈሩ ገና ሞቃት ስለሆነና ትሎቹም ገና ስላልጠነከሩ ጥሩ ጊዜ ነው። ኦክቶበር ሲገባ፣ አፈሩ ሲቀዘቅዝ፣ ዋጋ የለውም። የፍጉን ጥግ ግን አይንኩት። እዚያ ያለው ትል ሳርዎን አይጎዳም፤ ስኮሊያዎቹ ደግሞ ከእሱ ነው የሚኖሩት።

ሚልኪ ስፖር የሚባል ዱቄትም ይነግሩዎት ይሆናል። በ1948 የተመዘገበ ባክቴሪያ ነው፤ የሚሠራው የጃፓኑ ጥንዚዛ እጭ ላይ ብቻ ነው። ውጤቱ ቦታ ከቦታ ስለሚለያይ እኔ ገንዘቤን አላወጣበትም። ጥንዚዛ የሚስብ ከረጢት ወጥመድም አይስቀሉ። ከሚይዘው በላይ ከጎረቤት ይጠራል።

ሳሩን ከሰባት ስምንት ሳንቲሜትር በታች አይጨዱት። ረጅም ሳር ሥሩ ይጠልቃል፤ ጥንዚዛዋም እንቁላል ለመጣል አጭርና እርጥብ ሳር ነው የምትመርጠው። ጁላይ ላይ ዝናብ ከጠፋ ውሃውን ቀነስ ያድርጉ። እንቁላሉ እርጥበት ካላገኘ ይደርቃል። ሳሩ ለጊዜው ቢጫ ቢሆን ይመለሳል። የሞተው ቦታ ላይ በሴፕቴምበር ቶል ፌስኪው የሚባለውን የሳር ዘር ይዝሩበት።

አንድ ነገር ሳልደብቅ ልናገር። ይህን ሁሉ አድርገው በሚቀጥለው ጁላይ ጽጌረዳዎ ላይ ጥንዚዛ ያያሉ። ጥንዚዛ ከሩቅ ይበራል፤ የእርስዎ ግቢ ተርብ የጎረቤትን ግቢ ሁሉ አያጸዳም። ቲፊያ የምትገድለውም ጸደይ ላይ ነው፤ በዚያን ጊዜ ትሉ የኦገስትና የሴፕቴምበር ጥፋቱን ጨርሷል። እሷ የምትቀንሰው የሚቀጥለውን ትውልድ ነው። ጎረቤትዎ ተርቦቹን የሚያውቁ ሰው ስለሆኑ መነጋገር ይችላሉ። ሁለት ሦስት ቤት ተስማምቶ ከኤፕሪል እስከ ጁን ሳሩ ላይ መርዝ ባይረጭና ፒዮኒ ቢተክል ልዩነቱ ከአንድ ግቢ በላይ ይሆናል።

ባለቤትዎ ግን «የሆነ ነገር መርጨት አለብኝ» ካሉ ክሎራንትራኒሊፕሮል የሚል የተጻፈበትን ይፈልጉ። ለንብና ለተርብ ከሌሎቹ በጣም የተሻለ ነው። ሥራውን ለመጀመር ጊዜ ስለሚፈልግ የሚደረገው ከኤፕሪል እስከ ጁን ባለው ጊዜ፣ እንቁላሉ ከመጣሉ በፊት ነው። ዘንድሮ አልፏል፤ አሁን ቢረጩት አይጠቅምዎትም። ጋራዥ ያለው ቢፈንትሪን ከሆነ ደግሞ ፍሳሽ ውስጥ አይድፉት። ካውንቲዎ አደገኛ የቤት ውስጥ ኬሚካል የሚቀበልበትን ቦታ ጠይቀው እዚያ ይውሰዱት።